የማስታወቂያ መዋጮ ሒሳብ፦ በወረታ ፍራንቻይዝ ለሚያስብ ነጋዴ

በፍራንቻይዝ፣ ማለትም በሌላ ሰው የንግድ ስም ለመሥራት በሚደረግ ድርድር ላይ ክርክሩ የሚበረታው በመግቢያ ክፍያውና በየወሩ ለስሙ በሚከፈለው ገንዘብ ላይ ነው። ለማስታወቂያ የሚዋጣው ግን እንደ ትንሽ ጭማሪ ይታለፋል። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ሊመረመር የሚገባው ይኸው መዋጮ ነው። ሌሎቹ ክፍያዎች የስሙ ባለቤት ገቢ ናቸው፤ ይህኛው ለጋራ ጥቅም ተብሎ ከብዙ ሰው ኪስ የሚሰበሰብ ነው።

መዋጮው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። በወረታ አንድ ሱቅ በወር 200,000 ብር ይሸጣል፣ መዋጮውም 3 በመቶ ነው እንበል። ባለሱቁ በከሰረበት ወር እንኳ 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000 ብር ይከፍላል። ገንዘቡ አዲስ አበባ ላይ ለሚሰቀል ሰሌዳ ከዋለ ወረታ ያለችበት የፎገራ ወረዳ ገበያተኛ ላያየው ይችላል። ብዙ ውሎችም የስሙ ባለቤት ለእያንዳንዱ ሱቅ በመዋጮው ልክ የማስተዋወቅ ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ይጽፋሉ።

አሜሪካ ውስጥ የመኪና ማርሚታ በሚጠግነው በማይነኪ ኩባንያ ላይ የተነሣው ክስ ነገሩን ከሥሩ ያሳያል። ባለፍራንቻይዞቹ ከሳምንት ገቢያቸው 10 በመቶ ለማስታወቂያ ያዋጡ ነበር። ኩባንያው የራሱን የማስታወቂያ ድርጅት አቋቁሞ ከዚሁ ፈንድ ኮሚሽን ይወስድ ጀመር። ከሳሾቹ በሥር ፍርድ ቤት 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈረደላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ግንኙነት የንግድ ውል እንጂ የአደራ ግንኙነት አይደለም የሚል ነበር። መዋጮውን አደራ ነው ብሎ ማመን፣ በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ችሎት ፊት አያዋጣም ማለት ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። ሻጩ ውል ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመቀበሉ 14 ቀን በፊት ለገዢው ሰነድ መስጠት አለበት። ሰነዱ ፈንዱ ኦዲት ይደረግ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ስንት በመቶው ለዝግጅት፣ ለስርጭትና ለአስተዳደር እንደዋለ፣ አዳዲስ ፍራንቻይዝ ለመሸጥ የዋለ እንዳለም ይናገራል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ መዋጮው በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ አስገድዳለች።

በእኛ አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ለፍራንቻይዝ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የፈንድ ሒሳብ አስቀድሞ እንዲገለጽ ግን አያስገድድም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ማታለልና ስለ ሐሰተኛ መግለጫ የደነገገው ቢጠቅምም፣ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ለፎገራ ሰው ግን የተሻለ አሠራር እንግዳ አይደለም። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነበር። የዛሬው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግም የማኅበሩ ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዝዛል፤ ሪፖርቱም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይቀርባል። በሺህ የሚቆጠር ብር ያዋጣ ገበሬ ይህ መብት ካለው፣ በየዓመቱ 72,000 ብር የሚከፍል ባለሱቅ የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም መንገድ ታይቷል። ኢትዮጵያ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ቡና የንግድ ምልክቶችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በውጭ አገር ለማስመዝገብ ስትጥር፣ ለተጠቃሚ ኩባንያዎች ፈቃዱን የሰጠችው ያለ ክፍያ ነው፤ በምላሹ ስሙን ያስተዋውቃሉ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም በ1999 ዓ.ም. በዚሁ ተስማማ። የወረታ ሩዝ ፈልፋዮች ነገ የጋራ ብራንድ ቢያወጡ መጀመሪያ ሊመዝኑት የሚገባ አማራጭ ይኼ ነው። መዋጮ ከመረጡ ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ ስም ከተቀበሉ፣ ከፊርማ በፊት ያለፉትን ዓመታት የተመረመረ የፈንድ ሒሳብ ይጠይቁ። በውሉም ላይ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ለስሙ ባለቤት እህት ድርጅቶች የተከፈለው በስም ተዘርዝሮ የሚገለጽበት አንቀጽ፣ ሳይወጣ የቀረው ገንዘብ ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚተላለፍበት ደንብ ያስጽፉ።