ፊያት 682 ኤን 3

ፊያት 682 ኤን 3 በኢትዮጵያ ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራ የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። 682 የተባለው ሞዴል ከ1952 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. የተመረተ ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው። በጣሊያን በዚሁ ሻሲ ላይ የእሳት አደጋ መኪኖችም ተሠርተዋል።

ጥገናና መለዋወጫ

ምርቱ ከቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነው፣ ያረጀ ኤንትሬን ማደስ በዋናነት መለዋወጫ የማግኘት ሥራ ነው። ዕቃው ከቆመ መኪና ይፈታል፤ በአዲስ አበባ መርካቶ እንዳለው ሶማሌ ተራ ባሉ ገበያዎች ይፈለጋል፤ ካልተገኘም በአሮጌው ልክ በቶርኖ ይቀረጻል። ቡሽና ፒን በቶርኖ ለመሥራት አያስቸግሩም፤ የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ ግን በቀላሉ አይተካም። የእሳት አደጋ መኪና ሲሆን የውሃ ፓምፑም አብሮ ይታደሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ በፍሬንና በካምቢዮ ላይ ነው። ከደባርቅ በስተሰሜን የሚወርደውን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የመሰለ ቁልቁለት ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ፍጥነቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይገታል። ማርሹ ካመለጠ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የፍሬን ሸራም ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ልኩ ያልሆነ ዕቃ መኪናውን ቢያስነሳም እንደ ጥገና አይቆጠርም።