ስለ መዘግየት የተጻፈ ውል

ማናቸውም አገልግሎት «ምን ይሰጣል?» ከተባለ በኋላ «በምን ያህል ጊዜ? ስንት ጊዜስ ሳያጓድል?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ እንደሚከተለው የታወቀ ሲሆን፣ የኮምፒዩተር ሊቃውንት የፊተኛውን በቀመር ጽፈው የኋለኛውን ለሻጭና ለገዢ ስምምነት ትተውት ብዙ ዘመን ኖረዋል። የሚያስደንቀው ግን፣ ይህ የኋለኛው ጥያቄ ኮምፒዩተር ሳይፈጠር በስልክ ቤት መልስ ማግኘቱ ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲያገለግል፣ በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ያለ ቀጠሮ የሚመጡት ጥሪዎች የዕድል ስሌትን ሕግ እንደሚከተሉ አሳየ፤ በ1917 ደግሞ የጥሪው ብዛትና ርዝመት፣ የመስመሩም ቍጥር ከታወቀ፣ ከመቶ ደዋይ ስንቱ መስመር አጥቶ እንደሚመለስ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በዚህ ቀመር ተስፋው ለብቻው አልቆመም፤ ጭነቱ ይህን ያህል ከሆነ የሚል ቅድመ ሁኔታ ቀድሞታል።

በ1969 በቤልፋስት ኵዊንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶኒ ሆር፣ ኤርላንግን ሳይከተል በሌላ መንገድ ወደዚሁ ቅድመ ሁኔታ ደረሰ። የፕሮግራምን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥበት ሥርዓቱም ይህ ሁኔታ አስቀድሞ ከተሟላ፣ ፕሮግራሙ ሲፈጸም ያ ውጤት ይገኛል የሚል ነው። አንባቢ «ሲፈጸም» የምትለዋን ቃል ልብ ይበል፤ ሥርዓቱ የተፈጸመውን ሥራ ትክክለኛነት እንጂ ሥራው መፈጸሙን አያረጋግጥምና፣ ለዘለዓለም የሚሽከረከር ፕሮግራም ቃሉን እንዳላፈረሰ ይቈጠርለታል። ደጅ ለሚጠና ሰው ከዚህ የከፋ ውል ያለ አይመስለኝም! በርትራንድ ሜየርም በ1980ዎቹ ኤፍል በተባለው የፕሮግራም ልሳን፣ ቅድመ ሁኔታውን የጠሪው ግዴታ፣ ውጤቱን የተጠሪው ግዴታ አድርጎ «ውል» የሚለውን ስም ሰጠው።

ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ የሚያመጣው ጥፋት ጁን 4 ቀን 1996 ታየ። አርያን 5 የተባለችው ሮኬት ከአርያን 4 በወረሰችው ፕሮግራም ውስጥ፣ በ16 ቢት ይያዛል ተብሎ የተገመተው የፍጥነት ቍጥር ሞልቶ ስለ ፈሰሰ፣ ጕዞዋን በጀመረች በ40 ሰከንድ ያህል ፈነዳች። በማግስቱ ዓመት ሜየርና ዣን-ማርክ ዤዜኬል ያ ግምት በፕሮግራሙ ላይ በውልነት አለመጻፉን ነቀፉ። ይኸው ዤዜኬል በ1999 ከሦስት ጸሐፊዎች ጋር ባሳተመው ሐተታ የሶፍትዌር ውል በአራት ማዕርግ ተከፈለ፤ የአጠራር ቅርጽ፣ ግብር፣ የጥሪዎች መቀናጀት፣ በላይኛው ማዕርግ ደግሞ በቍጥር የሚለካው የአገልግሎት ጥራት።

ለዚህ ለአራተኛው የሚሆን ልሳን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1994 የስዊድን ሊቃውንት ሃንስ ሃንሰንና ቤንግት ዮንሰን፣ አንድ ጥያቄ በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ የመመለሱ ዕድል ከመቶ ከዚህ አያንስም የሚለውን ዐይነት ተስፋ በሎጂክ የሚጽፉበትንና የሚመረምሩበትን ሥርዓት አሳተሙ። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፕሪዝም የተባለ መሣሪያም እንዲህ ያለውን ተስፋ ተቀብሎ፣ የአገልግሎቱን አምሳል በየሁኔታው መርምሮ ዕድሉን ያሰላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀው የተሰጠውን አምሳል ብቻ ነው። ደዋዮች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ይደውላሉ የሚለው የኤርላንግ ግምት ዛሬም በብዙው አምሳል ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ሰዓት የጠየቀ ለታ ስሌቱ ሳይሳሳት ተስፋው ይወድቃል። ስለዚህ ሰጪው የሚመልስበትን ሰከንድ ጠቅሶ፣ ተቀባዩ የሚያመጣውን የጭነት ልክ ያልጠቀሰ ሰነድ በእኔ ፍርድ ግማሹ የጐደለ ውል ነው።