ድሬዳዋ፦ የጥገና ከተማ

የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ባቡሩ እሷን ትቶ ሜዳው ላይ ቆመ። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ 15 ዓመት ገደማ ፈጀ። ዋናው የጥገና ወርክሾፕም ድሬ ላይ ከተመ።

ታዲያ ምኑ ነው የሚጠገነው? የእንፋሎት ባቡር ውሃ እያፈላ ነው የሚሄደው። ውሃው ማዕድን ከበዛበት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምታዩት ነጭ ቅርፊት ቦይለሩ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ ስለማያሳልፍ ብረቱ ከልክ በላይ ይግልና ይዳከማል። ስለዚህ በየጊዜው ማጠብ ግድ ነው።

መለዋወጫ ደግሞ በመርከብ እስኪመጣ ሥራ አይቆምም። የድሬ የቶርኖ ባለሙያዎች የተበላውን ዕቃ ለክተው፣ ብረት ቆርጠው፣ ራሳቸው ያወጡት ነበር። የናፍጣ ባቡር ሲመጣም ያው እጅ አዲሱን ሞተር ተማረ።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲስ መስመር ተመረቀ። አሮጌዎቹ ቶርኖዎች ግን ዛሬም አንድ ነገር ያስታውሱናል፦ ባቡርም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መገጣጠሚያ ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ የሚጠግነው እጅ ግን ከባለሙያው ጎን ቆመው ካልተማሩት አይገኝም። አሮጌው ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።