57 ዓመት የተሸሸገ ደስታ

ቀለል ያለ የፍቅር ልብ ወለድ ስናነብ ፍጻሜው እንደሚያምር ገና ከጅምሩ እናውቃለን። ፍቅረኞቹ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ በመጨረሻም ይሰምርላቸዋል፤ እኛም ፈገግ ብለን መጽሐፉን እንከድናለን። ፍቅረኞቹ ሁለት ወንዶች ሲሆኑ ግን ይህ ያማረ ፍጻሜ ብዙ ያስከፈለ ታሪክ አለው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተሰኘውን ልብ ወለድ የጻፈው በ1913 እና በ1914 ነበር (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በወንዶች መካከል የሚደረግ ወሲባዊ ግንኙነት ወንጀል ነበር፤ ኦስካር ዋይልድም በ1895 ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር የሁለት ዓመት እስራት የተፈረደበት በዚሁ ሕግ ነው።

በመጽሐፉ ማብቂያ አሌክ የተባለው የአደን ስፍራ ጠባቂ ወደ አርጀንቲና ሊሳፈርባት የነበረችውን መርከብ ትቶ ከሞሪስ ጋር ይቀራል። የሚሞት የለም፤ የሚታሰርም የለም። የፎርስተር ወዳጅ ሊተን ስትሬቺ እንኳ የሁለቱ ፍቅር ከስድስት ሳምንት እንደማይዘልቅ ገምቶ ነበር። ደራሲው ግን ደስተኛውን ፍጻሜ አልተወም። በ1960 በጻፈው ማስታወሻ እንዳብራራው፣ ታሪኩ በሞት ቢቋጭ ኖሮ ማሳተሙ በቀለለ ነበር፤ ፍቅረኞቹ ሳይቀጡ ማምለጣቸው ግን ወንጀልን እንደ ማበረታታት ይቆጠራል።

በአሜሪካም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ሜሪጄን ሚከር በብዕር ስሟ ቪን ፓከር በ1952 የሁለት ሴቶችን ፍቅር የሚተርከውን «ስፕሪንግ ፋየር» ስታሳትም፣ የፖስታ ተቆጣጣሪዎች መጽሐፉን እንዳያግዱት በመስጋት አሳታሚዋ በደስታ እንዳትቋጨው አስገድዷታል። ዘመኑ የእነዚህን ሰዎች ለቅሶ ማንበብ አልከበደውም፤ የከበደው ሳቃቸው ነበር።

የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ በ1967 ላላ። ፎርስተር በ1970 በ91 ዓመቱ አረፈ፤ «ሞሪስ» ለአደባባይ የበቃው በ1971 ነው። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅና የእንግሊዝ ልዑል ሲዋደዱ የሚያሳየው የኬሲ መክዊስተን አስቂኝ ልብ ወለድ ታትሞ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ ፍጻሜውም ደስታ ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ተራ መዝናኛ» ብሎ የሚያልፍ ሃያሲ አይታጣም። ይሁንና ያ መዝናኛ ፎርስተር በሕይወት ሳለ ሊያሳትመው ያልደፈረው ነገር ነበር።