በካታሎጉ ኅዳግ ላይ የሣለው ሰው

ፓሪስ የሚገኘው የሉቭር ቤተ መንግሥት ለሕዝብ የተከፈተ ቤተ መዘክር የሆነው እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1793 ነው። ቀኑን የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይመዘግቡታል። እኛ ግን የምንተርከው ከዚያ 13 ዓመት ቀድሞ ስለ ሞተ ሰው ነው። ይህ ሰው በሕይወት ሳለ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሕዝቡ ሥዕል ሲመለከት እሱ በብዕርና በቀለም ሲጭር ኖረ።

ገብርኤል ደ ሴንት-ኦባን የተወለደው በ1724 ፓሪስ ውስጥ ነው። አባቱ የንጉሡ ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ። ገብርኤል ግን ታላቅ የታሪክ ሠዓሊ ለመሆን ተመኘ። ለዚህ ደግሞ በዚያን ጊዜ ዋናው መንገድ የንጉሣዊውን አካዳሚ ውድድር አሸንፎ ለትምህርት ሮም መላክ ነበር። ሦስት ጊዜ ተወዳደረ፤ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በቃ፣ በሩ ተዘጋ።

አካዳሚው የአባላቱን ሥራ ለሕዝብ ያሳይ የነበረው ሉቭር ውስጥ ‹‹ሳሎን ካሬ›› በሚባለው አዳራሽ ነው፤ ትርኢቱም ‹‹ሳሎን›› መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው። ከ1751 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ይከፈት ነበር። መግቢያው በነፃ ነው። የሚሸጠው አነስተኛ ካታሎግ ሲሆን፣ እሱም ቁጥር፣ የሠዓሊ ስም፣ የሥዕል ርእስ የያዘ ነው። ምስል ብሎ ነገር የለበትም። ግድግዳው ግን እስከ ጣሪያው ድረስ በክፈፍ ተሞልቷል! ታዲያ ከዓመታት በኋላ የትኛው ሥዕል የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

እዚህ ላይ ነው ገብርኤል የሚገባው። ካታሎጉን ይዞ ይገባና በኅዳጉ ላይ፣ ቦታ ሲያጣም በታተመው ጽሑፍ መካከል፣ እያንዳንዱን ሥዕል በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ይሥለዋል። (ትምህርት ሲሰለቸን በደብተራችን ዳር የምንጭር ሁሉ ነገሩ አይጠፋንም፤ ልዩነቱ እሱ ሰልችቶት አለመሆኑ ነው።) በጨረታ ካታሎጎችም ላይ እንዲሁ ያደርግ ነበር። የታወቁት ሰብሳቢ የማርየት ስብስብ በ1775 ለሽያጭ ሲቀርብ የሣለበት ካታሎግ ዛሬ ቦስተን ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች የጠፋ ሥዕል ሲያፈላልጉ፣ ወይም የአንዱን ሥዕል ባለቤቶች ወደ ኋላ ሲቆጥሩ፣ ወደነዚህ ኅዳጎች ይመለሳሉ። የ1765ቱን ሳሎን ግድግዳ ደግሞ በብዕርና በውኃ ቀለም ክፈፍ በክፈፍ ሥሎታል። ያ ሥራ አሁን የሉቭር ንብረት ነው።

ስለዚያው ስለ 1765 ሳሎን ዲድሮ ረዥም ሂስ ጽፏል። ጽሑፉ በማተሚያ ቤት አልታተመም፤ በእጅ እየተገለበጠ ለጥቂት ደንበኞች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር መሳፍንትና ነገሥታት ለሆኑ፣ ይላክ ነበር። የስቴንስል ቀለም እጃችንን ለሚያቆሽሸው ለእኛ ይህ ወሬ የሩቅ ወሬ አይደለም! ዳሩ ግን የዲድሮን ያህል ስለ ገብርኤል የሰማ ስንት ሰው ነው? ሥራዎቹ በሰፊው ተሰብስበው ኒውዮርክ በሚገኘው ፍሪክ ስብስብና በሉቭር የታዩት በ2007 እና በ2008 ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን አለን። ብዙዎች ገብርኤልን የሚጠሩት እንደ ምስክር ነው፤ የጠፋውን ሥዕል ጠቁሞ እንዲወጣላቸው። እንዲህ ከሆነ ሰውየው ዳግመኛ የአካዳሚው አገልጋይ ሆነ ማለት አይደል? ደግሞም ካሜራ አልነበረም፤ እጁ ይፈጥናል፣ ያሻውን ያጎላል፣ ያላሻውን በሁለት መስመር ያልፈዋል። ምን መረጠ ብሎ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ ይመስለናል።

መልሱን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ባተመው የ1753ቱ ሳሎን ምስል እናያለን። በውድድሩ ይወድቅ የነበረው በእነዚያው ዓመታት ነው። ሌላው ቢሆን ወደ ታላላቆቹ ሥዕሎች ብቻ ባተኮረ ነበር። እሱ ግን ለደረጃው ብዙ ቦታ ሰጠ። ወደ አዳራሹ የሚወጣው ሕዝብ ደረጃውን ሞልቶታል፤ ከላይ የደረሱት ግድግዳው ሥር ቆመው ያያሉ፤ ከታች ያሉት ገና ምንም ሳያዩ እየወጡ ነው።