የብዙኃን ድምፅና የአንድ ሰው መብት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩ አንዱን ደካማ ቢያስረውስ?

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባሉበት በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ በአምስት ዞኖችና በኮንታ ልዩ ወረዳ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረትም የብዙኃኑ ድምፅ አዲስ ክልል አቆመ። ይህ የሕዝብ መብት ነው።

ነገር ግን በዚሁ ምድር፣ በጉራፈርዳ ወረዳ፣ በ2004 ዓ.ም. ብዙ የአማራ ገበሬዎች ከሰፈሩበት እንዲነሡ ተደርገው ነበር። መስተዳድሩ ሰፈራው ሕገ ወጥ ነው አለ፤ አንቀጽ 32 ግን ኢትዮጵያዊ ሁሉ በመረጠው የአገሩ ስፍራ እንዲኖር ይፈቅዳል።

ስለዚህ ድምፅ አስተዳዳሪን ይሾማል እንጂ የአንድን ሰው መብት አይሽርም እንላለን። በቍጥር ያነሰ ሰው ነጻ ዳኛ ካላገኘ ግን መብቱ ከወረቀት አያልፍም።