መኪና አመላላሽ መርከቦች፦ የክፍቱ ወለል ምቾትና አደጋ

በባሕር የተለያዩ ጎረቤት አገሮችን ከሚያገናኙት የመጓጓዣ ዘዴዎች አንዱ በተለምዶ «ፌሪ» በመባል የሚታወቀው መኪና አመላላሽ መርከብ ነው። መንገደኛው በአንዱ አገር ወደብ መኪናውን እየነዳ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል፤ ባሕሩን ከተሻገረ በኋላም በሌላው አገር ወደብ እየነዳ ይወጣል። ይህን ቅልጥፍና ያስገኘው ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ግድግዳ የተዘረጋው የመኪና ወለል ነው። እንዲህ ዓይነት መርከቦችን ካጋጠሟቸው ከባድ አደጋዎች በርካታዎቹ የጀመሩትም ከዚሁ ወለል ነው።

እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየው የዶቨር የባሕር ሰርጥ ለአገልግሎቱ ዕድገት ዋነኛ ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል። የሰርጡ ስፋት በጠባቡ ሥፍራ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ካፒቴን ስቱዋርት ታውንሴንድ በአንዲት የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ መርከብ መኪኖችን ከዶቨር ወደ ፈረንሳይዋ የካሌ ወደብ ማሻገር ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱ መኪና በክሬን እየተነሣ ይጫንና ይራገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ዶቨር ላይ መኪኖች እየተነዱ የሚሳፈሩበት ወደብ ሥራ ሲጀምር የክሬኑ ዘመን እያበቃ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከባሕሩ ወለል ሥር የሚያልፈው የባቡር ዋሻ ከተከፈተ በኋላም መርከቦቹ አገልግሎታቸውን አላቋረጡም።

የባሕሩ ውኃ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ወደቡንና መርከቡን የሚያገናኘው መሸጋገሪያ ድልድይ ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ እንዲል ሆኖ የተሠራ ነው። በርካታ መርከቦች በፊትም በኋላም በር ስላላቸው፣ በአንዱ በር የገባ የጭነት መኪና ወደ ኋላ መመለስ ሳያስፈልገው በሌላው ይወጣል። በዚህም ምክንያት አንድ መርከብ ጭነቱን አራግፎና አዲስ ጭኖ በአጭር ጊዜ ውስጥ የመልስ ጉዞ ለመጀመር ይችላል።

ከዶቨር ወደ ካሌ የሚጓዝ ባለ መኪና የፈረንሳይን የፓስፖርት ቁጥጥር የሚያልፈው ገና እንግሊዝ ሳለ፣ ከመሳፈሩ በፊት ነው። ከዚያም በተመደበለት ረድፍ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ወደ መርከቡ ሲገባ የሚቆምበትን ቦታ ሠራተኞች ያመለክቱታል። ሞተሩን አጥፍቶ የእጅ ፍሬኑን ከያዘ በኋላ መኪናውን ቆልፎ ወደ መንገደኞች ፎቅ ይወጣል። መርከቡ በጉዞ ላይ እያለ ወደ መኪናው ወለል መውረድ አይፈቀድም። ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

የመኪናው ወለል አደገኛ የሚሆነው ውኃ ሲገባበት ነው። በሌሎች መርከቦች የውስጠኛው ክፍል በግድግዳዎች የተከፋፈለ በመሆኑ፣ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ውኃው እዚያው ሊታገድ ይችላል። በክፍቱ የመኪና ወለል ላይ ግን ውኃውን የሚያግደው ነገር የለም። በትሪ ላይ ያለ ውኃ ትሪው ጥቂት ሲያዘነብል ሁሉም ወደ አንድ ጎን እንደሚሮጥ፣ በወለሉ ላይ የተኛው ውኃም መርከቡ ወዳዘነበለበት ጎን ይሰበሰባል። ክብደቱ መርከቡን ይበልጥ ያዘነብለዋል፤ ያም ተጨማሪ ውኃ ይጋብዛል። ከዚህ በኋላ መርከቡ ለመገልበጥ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሊበቁት ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1987 የሆነው ይኸው ነበር። «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተሰኘችው መርከብ ከቤልጅግ የዜብሩገ ወደብ ወደ ዶቨር ስትነሣ የፊት በሯ አልተዘጋም። በሩን እንዲዘጋ የተመደበው ባሕረኛ በመኝታ ክፍሉ ተኝቶ ነበር፤ መዘጋቱን ማረጋገጥ የነበረበት መኮንንም በሩ እስኪዘጋ በሥፍራው አልቆየም። ካፒቴኑ በበኩላቸው ችግር መኖሩን የሚገልጽ ሪፖርት ስላልደረሳቸው ሁሉም እንደተሟላ ቆጥረው ጉዞ ጀመሩ። መርከቧ ፍጥነት ስትጨምር ውኃ በበሩ ገብቶ ወለሉን አጥለቀለቀው። ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ በጎኗ ተገለበጠች፤ 193 ሰዎችም ሞቱ። በዚያ ምሽት ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር።

በኋላ የተካሄደው መንግሥታዊ ምርመራ እንዳመለከተው፣ የበሩን መዘጋት የሚያሳይ መብራት በመርከቡ መሪ ክፍል እንዲገጠም ካፒቴኖች ቀደም ሲል ለኩባንያቸው ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ምርመራው ጥፋቱን በባሕረኞቹ ላይ ብቻ ሳይወስን የኩባንያውን አመራርም ተጠያቂ አድርጓል።

ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ሌሊት፣ ከታሊን ወደ ስቶክሆልም በመጓዝ ላይ የነበረችው «ኢስቶኒያ» በባልቲክ ባሕር ሰጠመች። የሦስት አገሮች የጋራ ምርመራ እንደደመደመው፣ ኃይለኛ ማዕበል የፊተኛውን የአፍንጫ ክዳን መቀርቀሪያዎች ሰብሮ ክዳኑን ገነጠለው፤ ከኋላው ያለው የመኪና መግቢያም አብሮ ተከፈተ። ክዳኑ ከመሪ ክፍሉ የማይታይ በመሆኑ መኮንኖቹ የደረሰውን ጉዳት በዓይናቸው ለማየት አልቻሉም። ተሳፍረው ከነበሩት 989 ሰዎች መካከል የተረፉት 137 ብቻ ናቸው።

በቀይ ባሕር ላይ የደረሰው አደጋ ደግሞ ውኃው ከውጭ ባይመጣም ወለሉ አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 «አል ሰላም ቦካቺዮ 98» ከሳዑዲ ዓረቢያ የዱባ ወደብ ወደ ግብጽ የሳፋጋ ወደብ ስትጓዝ በመኪናው ወለል ላይ እሳት ተነሣ። ከ1,400 ገደማ ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ በሳዑዲ ዓረቢያ ሲሠሩ ቆይተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ግብጻውያን ነበሩ። መርከቧ ወደ ተነሣችበት ወደብ ሳትመለስ ጉዞዋን ቀጠለች። ለእሳት ማጥፊያ የተረጨው ውኃ መውረጃዎቹ በመደፈናቸው በወለሉ ላይ ተጠራቅሞ መርከቧን አዘነበላት፤ በመጨረሻም ሰጠመች። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ዛሬ የሚሠራባቸው የደኅንነት ደንቦች አብዛኛውን መልካቸውን ያገኙት ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ ነው። ከ1987ቱ አደጋ ወዲህ በዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ላይ በተደረገው ማሻሻያ፣ የመኪና በሮች መዘጋታቸውን የሚያሳዩ መብራቶች በመሪ ክፍል እንዲኖሩ ግዴታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የመንገደኛ መርከብ ኩባንያዎች በጽሑፍ የተደነገገ የደኅንነት አሠራር እንዲኖራቸውና በባሕር ላይ ያለው ሠራተኛ ከከፍተኛ አመራሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ እንዲመቻች ተደርጓል። ከ«ኢስቶኒያ» መስጠም በኋላ የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1996 በስቶክሆልም የደረሱበት ስምምነት ደግሞ፣ የተጎዳ መርከብ በመኪናው ወለል ላይ እስከ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ቢተኛበት እንኳ ሳይገለበጥ እንዲቆይ ይጠይቃል።

መንገደኛው የሚያከብራቸው ጥቃቅን የሚመስሉ መመሪያዎችም ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። መኪናው በፍሬን ካልተያዘ መርከቡ ሲናወጥ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ በጀሪካን የተያዘ ትርፍ ነዳጅ ለእሳት መንስኤ ይሆናል፤ በወለሉ የቀረ ሰው አደጋ ቢደርስ የማምለጫ ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህም ተሳፋሪው የመውጫ ደረጃዎችና የነፍስ አድን ጃኬቶች የሚገኙበትን ሥፍራ መርከቡ ከወደብ ሳይለይ አስቀድሞ እንዲያውቅ ይመከራል።

የመኪና ወለሉ እስካሁን ክፍት ነው፤ በግድግዳ ቢከፋፈል መኪኖችን እያስነዱ የማስገባቱና የማስወጣቱ ቅልጥፍና ይቀራልና። በመሆኑም የተሳፋሪው ደኅንነት የሚጠበቀው በሮቹ በሚገባ በመዘጋታቸው፣ የውኃ መውረጃዎቹ ባለመደፈናቸውና ይህንኑ የማረጋገጥ ኃላፊነት ያለበት ሰው ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ሥራውን በመፈጸሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዜብሩገ ላይ መርከቧ ስትነሣ በመሪ ክፍሏ ያልነበረው መብራት ዛሬ በሕግ የታዘዘ ሆኗል።